በርካሹና በውዱ መካከል፦ ስለ እንጨት ሥራ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የቀረበ ዳሰሳ

በእንጨት ሥራ እጁን የፈታ ሰው ጥቂት ገንዘብ ቋጥሮ ወደ መርካቶ የመሣሪያ ሱቆች በወረደ ጊዜ፣ ባለሱቁ ሁለት ድሪሎችን በባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «ይኼ ኦርጅናሉ ነው፣ ይኼ ደግሞ ቻይናው፤ ሁለቱም ይበሳሉ» ይለዋል። የአንደኛው ዋጋ የሁለተኛው ሦስት እጥፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ነው። ባለሱቁ የተናገረው ሐሰት አይደለም፤ ሁለቱም በእርግጥ ይበሳሉ፤ ነገር ግን ገዢው ሊመረምረው የሚገባው መብሳታቸውን ሳይሆን፣ በዋጋቸው መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ ልዩነት ለምን ነገር እንደሚከፈል፣ ከሚከፈለውም ውስጥ ስንቱ ለብረቱና ለመዳቡ፣ ስንቱ ደግሞ ለስሙና ለቀለሙ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ነገር በሙያው ሰዎች ዘንድ ሲነገሩ የሚሰሙት አሳቦች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ፣ ሥራን የሚሠራው እጅ እንጂ ዕቃ አይደለም፣ አባቶቻችን በመጥረቢያና በመሮ፣ በእጅ መጋዝና በመላጊያ ብቻ የአብያተ ክርስቲያናቱን መንበርና የነገሥታቱን አልጋ ሠርተዋል በማለት ርካሹን መግዛት ብልኅነት አድርገው ይቈጥሩታል። ሁለተኞቹ በአንጻሩ ርካሽ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያስገዛል እያሉ፣ ገንዘብ ባይኖር እንኳ ተበድሮ ውዱን መግዛት ይሻላል ይላሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ የእንጨት ሥራ ወዳጆች ዘንድ የተለመደውን ምክር ይዘው፣ መጀመሪያ ርካሹን ግዛ፤ አገልግሎ አገልግሎ ከሞተብህ መሣሪያው ለሥራህ የግድ አስፈላጊ መሆኑን ታውቃለህና ያን ጊዜ ምርጡን ግዛ ይላሉ።

ይህ ሦስተኛው ምክር በመልኩ እጅግ ያማረ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከቤቱ ጓሮ ለደስታው ሲል ወንበር ለሚሠራ ሰውም በእውነት ይስማማዋል። ነገር ግን ለሠርግ የሚደርስ ቁም ሣጥን ለመሥራት ቀብድ ተቀብሎ የቀጠሮው ቀን ለቀረበበት አናጢ፣ መሣሪያው «አገልግሎ የሚሞትበት» ሰዓት መቼ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚነገር ነገር ስላልሆነ፣ ምክሩ የተሠራው እንጀራው በዕቃው ላይ ላልተመሠረተ ሰው መሆኑን በቶሎ ይረዳዋል። የአንደኞቹም አሳብ ቢሆን ግማሽ እውነት ብቻ ያለው ነው፤ የእጅ መሮ የሚታዘዘው ለእጅ ብቻ ሲሆን፣ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚዞር ሞተር ግን በውስጡ ያለው ጉድለት እጅ ሊያርመው ከሚችለው በላይ ነውና። ጥያቄው እንግዲህ ርካሹን ወይስ ውዱን ተብሎ በጥቅሉ የቀረበ እንደ ሆነ መልስ የለውም፤ መልስ የሚያገኘው፣ ይህ መሣሪያ በእንጨቱ ላይ የመስመርን ቅንነት የሚጠብቅ ነው ወይስ አይደለም፣ በተበላሸስ ጊዜ በዚሁ አገር ተከፍቶ የሚጠገን ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ለእያንዳንዱ ለብቻው የተጠየቀ እንደ ሆነ ነው።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ የሚገኘው የፋይን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1895 በእጅ ተይዞ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠራ፤ ክብደቱም ሰባት ኪሎ ተኩል ያህል ነበር። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የነበሩት ብላክና ዴከር የሚባሉት ሁለት ባልንጀሮች ደግሞ የሽጉጥ እጀታ የመሰለ መያዣና በጣት የሚሳብ ማብሪያ ያለው ድሪል አዘጋጅተው በ1917 የፈጠራ ባለመብትነት ማረጋገጫ ተቀበሉበት፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው ድሪል ሁሉ፣ ርካሹም ሆነ ውዱ፣ መልኩን የወረሰው ከዚያ ነው። ጂግሶ የምንለው የቅርጽ መቍረጫ መጋዝ በ1946 በስዊስ አገር አልበርት ካውፍማን በተባለ መሐንዲስ የተገኘ ሲሆን፣ እንደሚነገረውም ሰውዬው አሳቡን ያገኘው በባለቤቱ የስፌት መኪና ላይ በመርፌው ፈንታ የመጋዝ ምላጭ በማሰር ነው። በጃፓን በናጎያ ከተማ በ1915 የኤሌክትሪክ ሞተር በመሸጥና በመጠገን ሥራውን የጀመረው ማኪታም በ1958 የኤሌክትሪክ መላጊያ አወጣ።

እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያ የተሠሩት ለፋብሪካና ለሕንፃ ሠራተኛ ነበር። የቤቱን በርና መደርደሪያ በገዛ እጁ መሥራት የሚወድ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ እየበዛ በሄደ ጊዜ ግን፣ ኩባንያዎቹ በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚሠራ እጅ የሚበቃ፣ ቀለል ያለና ዋጋው የወረደ ሌላ ዕቃ መሥራት ጀመሩ። የቦሽ ኩባንያ ለባለሙያው ሰማያዊውን፣ ለቤት ባለቤቱ አረንጓዴውን ቀለም ለይቶ መስጠቱ የዚህ ምስክር ነው። የእነዚያ የሁለቱ ባልንጀሮች ኩባንያ ብላክ ኤንድ ዴከርም ስሙ ከቤት ውስጥ ዕቃ ጋር ስለ ተያያዘበት፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገዝቶት የነበረውን የዴዋልትን ስም በ1992 አዲስ ብጫ ቀለም አልብሶ ለባለሙያዎች አቀረበው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚልዋኪ የመሣሪያ ኩባንያ ባለቤት የሆነው የሆንግ ኮንጉ ቲ ቲ አይ ኩባንያ በአሜሪካ ገበያ በርካሽነቱ የሚታወቀውን የርዮቢን መሣሪያም ያቀርባል። ርካሹና ውዱ፣ እንግዲህ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤት የሚወጡና በአንድ ባለቤት ስሌት ሆን ተብለው የተለያዩ ናቸው። በዚህ ላይ እንደ ኢንግኮና እንደ ቶታል ያሉ፣ በተለይ የእስያንና የአፍሪካን ገበያ አስበው የተነሡ የቻይና ስሞች ተጨመሩና የዛሬው መደርደሪያ ሞላ።

በነገራችን ላይ ባለሱቁ «ቻይናው» ሲል ርካሹን ማለቱ ቢሆንም፣ ማኪታ በቻይና በኩንሻን፣ ቦሽም በሃንጆ ከተማ ፋብሪካ ስላላቸው፣ «ኦርጅናሉ» የተባለውም ዕቃ ከዚያው አገር የመጣ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባል። አገሩን መጠየቅ ስለ ዕቃው ብዙ አይነግረንም፤ የሚነግረን ሆዱ ሲከፈት ነው።

ሞተር እየጠቀለለ በሚኖር የጥገና ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ የሁለት ግራይንደሮች ወይም የሁለት ድሪሎች ሆድ ጎን ለጎን ተከፍቶ ሲታይ፣ ከውጭ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የነበረው ምስጢር ሁሉ ይገለጣል። በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት መዳቡ ነው። በጥሩው መሣሪያ ውስጥ የሚዞረው የሞተሩ ክፍል ሽቦው በሥርዐት ተደርድሮ፣ በቫርኒሽ ወይም በሙጫ መሰል ነገር ተነክሮ፣ አንድ ወጥ አካል እስኪመስል ድረስ ደርቋል፤ በርካሹ ውስጥ ግን ሽቦው ቀጭን፣ ንክሩም ሥሥ ስለሚሆን፣ ሞተሩ በጋለና በተንቀጠቀጠ ቍጥር ሽቦ ከሽቦ እየተፋተገ ልባሱን ይጨርስና አንድ ቀን ያ አናጢ ሁሉ የሚያውቀው የተቃጠለ ሽታ ይወጣል። ቀጥሎ የሚታየው ካርቦኑ ነው። ካርቦን በተፈጥሮው ሊያልቅ የተሠራ ነገር ስለ ሆነ ማለቁ ነውር አይደለም፤ በጥሩው ዕቃ ግን ካርቦኑ ከመጠን ሲያጥር በራሱ ጊዜ ግንኙነቱን አቋርጦ ሞተሩን የሚያቆም ብልሃት ሊገባበት ሲችል፣ በርካሹ ግን ቁራጩ እስኪያልቅ ቆይቶ የስፕሪንጉ ሽቦ የሚዞረውን መዳብ ይቧጭረዋል፤ በጥቂት ብር ካርቦን ሊድን የነበረውም መሣሪያ ሙሉ ጥቅለላ ወይም መጣል ይፈረድበታል።

ከዚያ ኩሽኔታው ነው። ለእንጨት ሠራተኛ፣ በእኔ ብያኔ፣ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ዘንጉ በሁለት ጫፎቹ በግራና በቀኝ በተከደነ የኳስ ኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ የእንጨት ብናኝ አይገባበትም፣ ዘንጉም ቦታውን ለብዙ ጊዜ አይለቅም፤ በአንድ ወገን ኩሽኔታ፣ በሌላው ወገን ግን ተራ የነሐስ ቀለበት ብቻ የተሰጠው እንደ ሆነ ቀለበቱ በጥቂት ወራት ይሰፋና ዘንጉ ይወዛወዛል። ዘንጉ የተወዛወዘ ድሪል ክብ ቀዳዳ አይበሳም፣ ራውተር የሚባለው የጎድጓዳ ማውጫ መሣሪያም ቀጥ ያለ ጎድጓዳ አይቀድም። ጥርሶቹም እንዲሁ ናቸው፤ ከብረት ተፈልፍለው የወጡት ሲናከሱ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ ከብረት ዱቄት ተጋግረው የተሠሩት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንጫጫሉ።

ይህን ሁሉ ለማየት ዕቃውን በሱቅ ውስጥ መፍታት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ከውጭ ሊታወቅ የሚችል ብዙ ነገር አለ። የድሪሉን አፍ በጣት ይዞ ወደ ጎን መግፋት፣ ማብሪያውን ስቦ በመልቀቅ ሞተሩ በስንት ጊዜ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚቆም ማድመጥ፣ የጂግሶውን ምላጭ አስሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዝወዝ፣ የክብ መጋዙን መቀመጫ ብረት በቀጥታ ሚዛን ወይም በመስተዋት ላይ አስቀምጦ የሚያነክስ መሆን አለመሆኑን መመርመር ማንም ገዢ የሚችለው ፈተና ነው፤ አስተዋይ ነጋዴም አይቆጣበትም። በሳጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው የዋት ቍጥር ግን መታለል አይገባም፤ ይህ ቍጥር የሚናገረው ሞተሩ ከመስመር የሚጠጣውን እንጂ በእንጨቱ ላይ የሚያደርሰውን አይደለምና፣ 650 ዋት የተጻፈበት ጥሩ ጂግሶ 900 ዋት ከተጻፈበት ርካሽ ጂግሶ በልጦ ሲቈርጥ መታየቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን እያንዳንዱን መሣሪያ በየራሱ እንመልከት፤ ሁሉም እኩል ሐተታ አይሻም። ድሪልን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። ብሎን ለመንዳትና ለብሎን የሚሆን ቀዳዳ ለመብሳት ርካሹ ይበቃል፤ የቀዳዳው ጥራት ከድሪሉ ይልቅ በፑንታው ስለት የሚወሰን ነውና፣ የተረፈውን ገንዘብ በጥሩ ፑንታ ላይ ማዋል ይሻላል። የብርጭቆ ወረቀት የሚታሰርበት የኤሌክትሪክ ማለስለሻም በርካሹ ሊታለፍ ይችላል፤ ሲሠሩበት ቢውሉ እጅን ያደነዝዛል፣ ግን እንጨቱን አያበላሽም።

በክብ መጋዝ ዘንድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለኩሽና ቁም ሣጥን የሚሆን 72 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የኤም ዲ ኤፍ ጎን ሲቈረጥ፣ መጋዙ በመቀመጫው ልልነት ምክንያት ከመስመሩ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ በሌላኛው ጫፍ ስሕተቱ ከስድስት ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ስድስት ሚሊ ሜትር በአንድ ሣጥን ላይ በጠርዝ ልባስ ሊሸፈን ይችል ይሆናል፤ አምስት ሣጥኖች በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰልፈው በሮቻቸው በተገጠሙ ጊዜ ግን የመጨረሻው በር አይዘጋም። ርካሹ ክብ መጋዝ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ከሥሥ ቆርቆሮ ተጨፍልቆ የተሠራ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ይጠመዘዛል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ደኅና ቢሆንም መጋዙ መጋዝ መሆኑ ቀርቷል። ፌስቱልን የመሰሉ የጀርመን ቤቶች መጋዙን በሐዲድ ላይ እንዲሄድ በማድረግ ለዚህ ችግር መፍትሔ በመስጠታቸው ነው ያን የሚያህል ዋጋ የሚጠይቁት። ብልኅ አናጢ ግን ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በሁለት ማሰሪያ አጣብቆ የዚያን ሐዲድ ጥቅም ሦስት አራተኛውን ሊያገኝ ይችላል፤ መቀመጫው የማይታጠፍ መጋዝ እስካለው ድረስ።

ስለ ምላጩም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በርካሽ መጋዝ ላይ የታሰረ ጥሩ ዲስክ፣ በውድ መጋዝ ላይ ከታሰረ ደነዝ ዲስክ ይበልጣል። 24 ጥርስ ያለው ዲስክ ጣውላን በእንጨቱ ርዝመት ለመሰንጠቅ የተሠራ ሲሆን በችፑድ ላይ ሲገባ ፊቱን እየቦጫጨቀ ይወጣል፤ ለዚያ 60 ጥርስ ያለው ይፈለጋል። ብዙ የእንጨት ሥራ ቤቶች ግን ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ዲስክ ለሁሉም ነገር እያዋሉት፣ የተቦጫጨቀውን ጠርዝ አይተው መሣሪያውን ይረግማሉ።

ጂግሶ በመካከል የሚቆም ነው። ለሸካራ ሥራ ርካሹ ያገለግላል፤ አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የወይራ ወይም የባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ ቅርጽ ሲያወጣ ግን ምላጩን ከኋላ የሚደግፈው መንኰራኵር ልል ስለሚሆን፣ ከላይ የተሠመረውን መስመር በትክክል ሲከተል ከታች ወደ ጎን ሸሽቶ ይገኛል፤ የዚህ ስሕተት ክፋቱ እንጨቱ ተገልብጦ እስኪታይ ድረስ አለመታወቁ ነው።

ገንዘብ ሊሠስትበት የማይገባው መሣሪያ ግን በእኔ አስተያየት ራውተር ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስለት በደቂቃ 25,000 ጊዜ ሲዞር የጫፉ ፍጥነት በሰዓት 235 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይህን ስለት ይዞ የሚያቆየውም የጣት ውፍረት እንኳ የሌለው ተሰንጣቂ ቀለበት ብቻ ነው። ቀለበቱ በደንብ ያልተሠራ እንደ ሆነ ስለቱ በሥራ ላይ ሳለ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንድ ዓይነት ጥልቀት ሊኖረው የሚገባው ጎድጓዳም ከዳር እስከ ዳር እየጠለቀ ይሄዳል፤ ይባስ ብሎም ስለቱ ጨርሶ ያመልጥና የሰው አካል ያገኛል። ስለዚህ ራውተርን በርካሽ መግዛት ከገንዘብ ስሌት አልፎ የደኅንነት ጥያቄ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚረሳ ሒሳብ አለ፤ እርሱም የእንጨቱ ዋጋ ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከተከለከሉ ወዲህ፣ የደን መመናመኑም ተጨምሮበት፣ በአገራችን ጥሩ ጣውላ ማግኘት ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ሄዷል። ወርዱ ሰፊ፣ ቀለሙ ያማረ የዋንዛ ጣውላ ያገኘ አናጢ ያንን ጣውላ በሚዋዥቅ ራውተር አንድ ጊዜ ቢያበላሸው፣ በመሣሪያው ላይ ያተረፈው ገንዘብ በዚያች ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። በፈርኒቸር ቤቱ ውስጥ ከችፑድና ከኮምፔንሳቶ በቀር ሌላ የማይሠራ ሰው ግን ይህ ስጋት ስለሚቀንስለት በርካሹ ለረጅም ጊዜ ሊኖር ይችላል። የመሣሪያው ደረጃ በሚቈረጠው እንጨት ደረጃ ይለካ ማለቴ ነው፤ የሱቅ ሻጮች ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ አልሰማሁም።

ሌላው የአገራችን ነገር የመብራቱ ጠባይ ነው። መስመሩ በደንቡ 220 ቮልት ቢሆንም፣ የሰፈሩ ወፍጮና የብየዳ ቤት ሁሉ በሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ወደ 170 የወረደ እንደ ሆነ፣ ኀይል በቮልት ካሬ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ መሣሪያው የሚያገኘው ጉልበት ስልሳ ከመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ሠራተኛው መሣሪያው የደከመ መስሎት ይበልጥ ይጫነዋል፤ በተጫነው መጠን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ የሚዞረው በዚያው ዘንግ ላይ ነውና ሞተሩ በብዙ እየጋለ በጥቂት ይቀዘቅዛል። ሥሥ መዳብ ያለው ርካሹ ቀድሞ የሚቃጠለው ስለዚህ ነው፤ ውዱም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፣ የትዕግሥቱ ዳር ራቅ ያለ ነው እንጂ።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራው ድሪል ጥሩ መጠጊያ ነው። በዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። በአሜሪካ ገበያ 20 ቮልት ተብሎ የሚሸጠውና በአውሮፓ 18 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ባትሪ አንድ ነገር ነው፤ አምስቱ የውስጥ ሕዋሳት ገና ሙሉ ሳሉ እያንዳንዳቸው አራት ቮልት፣ በሥራ ላይ ግን በአማካይ 3.6 ቮልት ስለሚሰጡ አንዱ በትልቁ፣ ሌላው በአማካዩ ይጠራዋል። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው የገዛው የመጀመሪያው ባትሪ ወደ ፊት የሚገዛቸውን መሣሪያዎች ሁሉ ስም ይወስንበታል፤ የአንዱ ቤት ባትሪ በሌላው ላይ አይገባምና። ስለዚህ በባትሪ ዕቃ ርካሹን የሚመርጥ ሰው ያ ስም ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላም ባትሪ እያቀረበ በገበያ ላይ የሚገኝ መሆኑን ማሰብ አለበት።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ለወንድም ወይም ለአጎት ብለው ብጫውን ዴዋልት ወይም ቀዩን ሚልዋኪ በሻንጣ ይዘው ሲመጡ፣ ስጦታው ብዙ ጊዜ ከደስታው ጋር ራስ ምታት ያመጣል። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት ነውና፣ ያ ድሪል በቀጥታ በእኛ ሶኬት የተሰካ እንደ ሆነ በጥቂት ሰከንድ ያልቅለታል፤ የባትሪውም መሙያ በላዩ ላይ እስከ 240 ቮልት ካልተጻፈበት ዕጣው ያው ነው። ትራንስፎርመር ተገዝቶ ይሠራል፣ ትራንስፎርመሩ ግን የመጋዝን ጉልበት የሚችል ትልቅ ሊሆን ይገባል። ባትሪ በአውሮፕላን ሲመጣም ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይሄድም፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የ18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ስለ ሆነ ያልፋል፣ 6 አምፔር ሰዓት የሆነው ግን 108 ነውና ከወሰኑ ይወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጥገና ነገር በአውሮፓ የተጻፈውን ምክር ሁሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚገለብጠው ነው። በዚያ አገር የውድ ዕቃ ጌጥ የሆነው ካርቦን የሌለው ሞተር፣ ሥራውን የሚመራው በትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ስለ ሆነ፣ ሰሌዳው በተቃጠለ ጊዜ መለዋወጫው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከወኪሉ ወይም ከውጭ አገር ብቻ ነው። ካርቦን ያለውን የድሮ ዓይነት ሞተር ግን ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ በራሱ እጅ ይመልሰዋል፤ ካርቦኑም በልኩ ባይገኝ ትልቅ ካርቦን በሞረድ ተሞርዶ ይገባል፤ ኩሽኔታውም በቍጥሩ ተጠይቆ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሊገኝ ይችላል። በገበያችን ውስጥ በብዛት የተሠራጨ የመካከለኛ ዋጋ መሣሪያ፣ የሞተው መንትያው በምን አለሽ ተራ ተገዝቶ ጥርሱና ማብሪያው የሚወሰድለት በመሆኑ፣ ብቻውን ከመጣው እጅግ ውድ መሣሪያ ይልቅ ዕድሜው የረዘመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጥገና ቤት ሄዶ «የትኛው ነው የሚበዛባችሁ፣ የትኛውንስ ነው መልሳችሁ የምታስነሡት?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚሻል ትምህርት ይሰጣል።

ስለ ፎርጅዱ ብዙ አልናገርም። የታወቀ ስም ተለጥፎበት፣ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴያማ ቀለም ተቀብቶ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ርካሹ ርካሽነቱን አልደበቀምና። ክብደቱ፣ የገመዱ ልስላሴ፣ የጽሑፉ ጥራትና በብረት ሰሌዳው ላይ ያለው የመለያ ቍጥር ይታይ፤ ከሁሉ በላይ ግን «ለእርስዎ ብዬ ነው» ተብሎ በግማሽ የወረደ ዋጋ ያስጠርጥር።

ውዱ መሣሪያ ካለው ብልጫ ሁሉ በእኛ አገር በጣም የተናቀው የብናኝ መሰብሰቢያው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች መካከል መድቦታል፤ የኤም ዲ ኤፍ ብናኝ ደግሞ እጅግ የላመ ስለ ሆነ በአየር ላይ ብዙ ይቆያል። ሆኖም ገዢው ከረጢቱንና ቱቦውን ከሳጥኑ እንዳወጣ ወደ ጥግ ይወረውረዋል። ለብናኝ መሰብሰቢያው ገንዘብ ከፍሎ የማይጠቀምበት ሰው ርካሹን ገዝቶ በልዩነቱ ጥሩ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ቢገዛ ሳንባው ያመሰግነዋል። ከደኅንነት ነገር ሳንወጣ፣ በአሜሪካ ሶስቶፕ የተባለው የጠረጴዛ መጋዝ የሰው ሥጋ በነካው ጊዜ በአምስት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ዲስኩን ያቆማል፤ ውድነቱንም የሚከስ ሰው ማግኘት ያዳግታል። በእኛ ዘንድ ግን ከዲስኩ በላይ ያለውን መከላከያ ክዳን ሥራ ያዘገያል ብሎ ፈትቶ መጣል ገና የተለመደ በመሆኑ፣ ስለዚያ መናገር ለጊዜው ቅንጦት ይመስላል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ ሁሉ ዋጋው ሽቅብ ወጥቷል። በዚህ ጊዜ ገና ሥራ የሚጀምር ወጣት፣ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ወጥተው በማኅበር የተደራጁ ጓደኛሞች፣ ሁሉን ውድ እንግዛ ቢሉ አንዱንም ሳይገዙ ይቀራሉ፤ ሁሉን ርካሽ እንግዛ ቢሉም በመጀመሪያው ዓመት ትርፋቸውን በጥገና ይጨርሱታል። እኔ ብጠየቅ ድሪሉንና ማለስለሻውን ከርካሹ፣ ጂግሶውንና ክብ መጋዙን መለዋወጫ ከሚገኝለት መካከለኛ፣ ራውተሩንና ዲስኮቹን ግን ከሚገኘው ምርጥ እንዲይዙ እመክራለሁ። ራውተሩ ለአንድ ቤት የሚከብድ ከሆነ፣ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሼድ ውስጥ የሚሠሩ አራት አምስት አናጢዎች እቁብ ገብተው በየተራ አንዳንድ ውድ መሣሪያ ሊይዙ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለማን ይውጣ የሚለውን ዕጣው ራሱ ይፈርዳል፣ መሣሪያውን ለባልንጀራ ማዋስ ግን ከእቁቡ ጋር በአንድ ቀን ተነጋግረው መወሰን ያለባቸው ነገር ነው፤ ካርቦን ማን ይቀይራል፣ የተሰበረ ስለት ማን ይከፍላል፣ ቅዳሜ ማታ ከማን ቤት ያድራል የሚለው ሁሉ ተጽፎ ቢያዝ ይሻላል።